የካናዳ ደጋፊዎች የአሜሪካን መዝሙር ለምን ጮሁበት? ከጨዋታ በላይ የሆነው የቦስተኑ የሆኪ ፍጻሜ

እ.ኤ.አ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2025 (የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.) ሐሙስ ምሽት ቦስተን ላይ በተደረገ የአይስ ሆኪ ፍጻሜ፣ ካናዳ አሜሪካን በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አሸነፈች። አዲስ አበባ ላይ ሰዓቱ ዓርብ ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት በኋላ ስለነበር አብዛኞቻችን በእንቅልፍ ነው ያለፈን። ካናዳ ውስጥ ግን ሆኪ የማይከታተለው ሰው ሳይቀር ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ነበር። ጨዋታው ባለቀ በደቂቃዎች ውስጥ የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ጀስቲን ትሩዶ በማኅበራዊ ገጻቸው “አገራችንን ልትወስዱብን አትችሉም፤ ጨዋታችንንም ልትወስዱብን አትችሉም” የሚል መልእክት ለጠፉ።

እንዴ፣ አንድ ጨዋታ ከአገር መወሰድ ጋር ምን አገናኘው? ውድድሩ ኦሎምፒክ አልነበረም፤ የዓለም ሻምፒዮናም አልነበረም። ከዚያ በፊት ተደርጎ የማያውቅ፣ አራት አገሮች ብቻ የተጋበዙበት የዘጠኝ ቀን ውድድር ነው። ታዲያ ሰው እስከ ማልቀስ፣ የጎረቤቱን ብሔራዊ መዝሙር እስከ መጮህ የደረሰው ለምንድነው? ዛሬ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

▪️ ለመሆኑ ሆኪ ምንድነው?

አይተነው የማናውቅ ብንሆንም ባዕድ ግን አይደለም። የገና ጨዋታን የሚያውቅ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ አለ፤ የሚመታ ነገር አለ፤ ሁለት ቡድን ይጋፋል። ልዩነቱ ሜዳው በረዶ ነው፤ ተጫዋቾቹ ስለት ባለው ጫማ ይንሸራተታሉ፤ በሩር ፋንታ ደግሞ “ፓክ” የሚባል ጠፍጣፋ ጠንካራ ጎማ ይመታሉ። በአንድ ወገን አምስት ተጫዋችና አንድ በረኛ ይሰለፋል። ጨዋታው 20፣ 20 ደቂቃ ሆኖ ሦስት ጊዜ ይደረጋል። ፍጻሜው እኩል ከሆነ ተጨማሪ ሰዓት ይጨመርና ጎል ያገባው ወዲያው ያሸንፋል፤ በቃ፣ ጎል ገባ ማለት ጨዋታው አለቀ ማለት ነው። የደጋፊን ልብ የሚያቆመውም ይህ ነው።

ለካናዳ ይህ ተራ ስፖርት አይደለም። በ1994 በወጣ ሕግ ሆኪ የአገሪቱ ብሔራዊ የክረምት ስፖርት ተብሏል። በ1972 ሞስኮ ላይ ፖል ሄንደርሰን ጨዋታው ሊያልቅ 34 ሰከንድ ሲቀረው በሶቪየት ኅብረት ላይ ያገባትን ጎል ያኔ ያልተወለደ ካናዳዊም ይተርካታል። በ2010 የቫንኩቨር ኦሎምፒክ ፍጻሜ ሲድኒ ክሮዝቢ አሜሪካ ላይ በተጨማሪ ሰዓት ያገባትም እንደዚያው ናት። አሜሪካኖችም የራሳቸው አላቸው፤ በ1980 ኦሎምፒክ የኮሌጅ ልጆች የሶቪየትን ቡድን ያሸነፉበትን ቀን እስከ ዛሬ “ተአምር” ይሉታል። እንግዲህ የሁለቱ ፉክክር የትናንት አይደለም።

▪️ ለመዝናኛ የታሰበ ውድድር

የሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ ኤንኤችኤል በአብዛኛው ክረምት ላይ የኮከቦች ግጥሚያ ያዘጋጅ ነበር። ተጫዋቹ እየተሳሳቀ የሚጫወተው፣ ማንም የማይጋጭበት ነገር ነው። በ2025 ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበሩ በዚያ ምትክ አዲስ ነገር እንሞክር አሉና ካናዳን፣ አሜሪካን፣ ስዊድንንና ፊንላንድን ሞንትሪያልና ቦስተን ላይ አገናኙ።

ደጋፊው ርቦት ነበር። የሊጉ ተጫዋቾች በ2018ቱም ሆነ በ2022ቱ ኦሎምፒክ አልተሳተፉም። ምርጦቹ የተገናኙበት የመጨረሻው ትልቅ ውድድር እስከዚያ ድረስ በ2016 የተደረገው ነበር። የዘመኑ ምርጥ ተጫዋች የሚባለው ኮነር ማክዴቪድ 28 ዓመት እስኪሞላው የካናዳን ዋና ቡድን ማሊያ ለብሶ እንዲህ ባለ ትልቅ መድረክ ላይ አልታየም። ጉጉቱ ይኼ ነው። ቁጣው ግን የመጣው ከሌላ ቦታ ነው።

▪️ ጩኸቱ የት ተጀመረ?

ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ዳግም ከተመረጡ ጀምሮ ካናዳ 51ኛዋ የአሜሪካ ግዛት ብትሆን ይሻላል እያሉ ይናገሩ ነበር። የካናዳን ጠቅላይ ሚኒስትር “ገዥ” እያሉ ይጠሯቸው ነበር፤ ይህ የአሜሪካ ግዛት አስተዳዳሪዎች መጠሪያ ነው። መጀመሪያ ቀልድ መስሎ ነበር። ፌብሩዋሪ 1 ቀን ግን ከካናዳ በሚገቡ አብዛኞቹ ዕቃዎች ላይ 25 በመቶ፣ በነዳጅና በኃይል ምርቶች ላይ ደግሞ 10 በመቶ ቀረጥ የሚጥል ትእዛዝ ፈረሙ።

ካናዳ ወደ ውጭ ከምትልከው ዕቃ ሦስት አራተኛ ያህሉ ያኔ የሚሄደው ወደ አሜሪካ ነበር። ስለዚህ ይህ የዲፕሎማቶች ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የፋብሪካ ሠራተኛው፣ የከባድ መኪና ሹፌሩ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚጭነው ሰው ሁሉ “ነገ ሥራ ይኖረኛል?” ብሎ የሚጠይቅበት ጉዳይ ነው። ቶሮንቶ፣ ካልጋሪ፣ ኤድመንተን የሚኖሩ ወገኖቻችንም ከዚህ ጥያቄ ውጭ አልነበሩም።

ትእዛዙ በተፈረመበት ምሽት ኦታዋ ውስጥ የአገሬው ቡድን ሴናተርስ ከሚኒሶታ ቡድን ጋር ይጫወት ነበር። በሊጉ ልማድ ከካናዳና ከአሜሪካ የመጡ ቡድኖች ሲገናኙ የሁለቱም አገር መዝሙር ይዘመራል። የአሜሪካው ሲጀመር ደጋፊው “ቡ” እያለ ጮኸ። በማግስቱ ቶሮንቶ ውስጥ በቅርጫት ኳስ ጨዋታ ላይ ተደገመ። ከሁለት ቀን በኋላ ቀረጡ ለ30 ቀን ተራዘመ፤ ጩኸቱ ግን አልቆመም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ካናዳውያን በጨዋነታቸው የሚቀለድባቸው ሕዝቦች ናቸው፤ ሰው ሲገፋቸው “ይቅርታ” የሚሉት እነሱ ናቸው ይባላል። እንዲህ ያለ ሕዝብ የጎረቤቱን መዝሙር ከጮኸበት ሌላ የሚናገርበት ቦታ አጥቷል ማለት ነው። ተራው ሰው ዋይት ሐውስ ገብቶ አይከራከርም። ስታዲየም ገብቶ ግን ድምፁን ያሰማል።

▪️ ሞንትሪያል፦ በ9 ሰከንድ 3 ድብድብ

ፌብሩዋሪ 15 ቀን ሁለቱ አገሮች በመጀመሪያው ዙር ሞንትሪያል ላይ ተገናኙ። ከመዝሙሩ በፊት የስታዲየሙ አስተዋዋቂ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ “እባካችሁ መዝሙሮቹን አክብሩ” ብሎ ለመነ። የሰማው አልነበረም። ስታዲየሙ በጩኸት ተናጋ።

ከዚያ ጨዋታው ተጀመረ። በመጀመሪያዎቹ 9 ሰከንዶች ውስጥ ሦስት ድብድብ! አሜሪካኖቹ ወንድማማቾች ማቲውና ብሬዲ ትካቸክ፣ ከዚያም ጄ.ቲ. ሚለር፣ እየተከታተሉ ጓንታቸውን ጥለው ከካናዳ ተጫዋቾች ጋር በቡጢ ተያያዙ። በሆኪ ድብድብ አምስት ደቂቃ ቅጣት ቤት ያስቀምጣል እንጂ የግድ ከሜዳ አያስወጣም። ቢሆንም እንዲህ ያለ አጀማመር ለሆኪ ሰዎችም ብርቅ ነው።

ማክዴቪድ ቀድሞ ቢያገባም አሜሪካ 3 ለ 1 አሸነፈች። የካናዳ ደጋፊ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ጮኸ፣ ተሸነፈ። ይህ ነው ፍጻሜውን የዕዳ መክፈያ ያደረገው። ካናዳ ፊንላንድን 5 ለ 3 አሸንፋ ወደ ፍጻሜው ስታልፍ “አሁንስ ብንሸነፍ?” የሚለው ፍርሃት በየቤቱ ነበር።

▪️ የቦስተኑ ምሽት

በፍጻሜው ቀን ጠዋት ትራምፕ ለአሜሪካ ቡድን ስልክ ደወሉ። በማኅበራዊ ገጻቸውም ካናዳን እንደገና 51ኛ ግዛት እያሉ ጻፉ። ምሽት ላይ ደግሞ ተራው የቦስተን ሆነ፤ የካናዳ መዝሙር ሲዘመር ከተመልካቹ መካከል የጮሁ ነበሩ። መዝሙሩን ያዜመችው ካናዳዊቷ ሻንታል ክሬቪያዙክ ከግጥሙ ጥቂት ቃላት ቀይራ “የምናዝዘው እኛ ብቻ ነን” የሚል ትርጉም ሰጠችው። አውቃ ያደረገችው መሆኑንና ምክንያቱም የፕሬዚዳንቱ ንግግር እንደሆነ በኋላ ተናግራለች።

ጨዋታው ልብ ሰቃይ ነበር። ናታን ማኪነን ለካናዳ ቀድሞ አገባ። ብሬዲ ትካቸክ አቻ አደረገ። ጄክ ሳንደርሰን አሜሪካን 2 ለ 1 እንድትመራ አደረገ። ሳም ቤኔት ካናዳን መልሶ አቻ አደረጋት። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ያለ ጎል አለቀ።

በተጨማሪ ሰዓት ካናዳን በነፍስ ያቆያት በረኛው ጆርዳን ቢኒንግተን ነው። ከውድድሩ በፊት “ለምን እሱ ተመረጠ?” እያሉ ብዙ ደጋፊዎች ሲያሙት የነበረ ሰው ነው። በዚያ ምሽት ግን የአሜሪካው አምበል ኦስተን ማቲውስ ያገኛቸውን ግልጽ ዕድሎች አከሸፈ። ይኸው በረኛ በ2019 በዚሁ ስታዲየም የቦስተንን ቡድን አሸንፎ ዋንጫ ወስዷል፤ የቦስተን ሰው ያውቀዋል።

ተጨማሪው ሰዓት 8 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ሲሆን ሚች ማርነር ፓኩን ወደ መሃል አሻገረ። ማክዴቪድ ብቻውን ቆሞ ነበር። የዓለምን ምርጥ ተጫዋች ማንም አልያዘውም! መታ፣ ገባ፣ አለቀ።

ጨዋታውን አሜሪካ ውስጥ በኢኤስፒኤን ብቻ 9.3 ሚሊዮን ሰው ተመልክቶታል። በጣቢያው ታሪክ በብዛት የታየ የሆኪ ጨዋታ ሆነ። ለኮከቦች መዝናኛ ምትክ የመጣ ውድድር!

▪️ ማን የማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። በፍጻሜው ለአሜሪካ ጎል ያገቡት ሁለቱ፣ ብሬዲ ትካቸክና ጄክ ሳንደርሰን፣ የት ነው የሚጫወቱት? ኦታዋ! ጩኸቱ በጀመረበት ከተማ። ትካቸክ የዚያ ቡድን አምበል ነበር። አምበሉ ማቲውስ የቶሮንቶ ቡድን አምበል ነው፤ ለድሉ ጎል ያቀበለው ማርነር ደግሞ ያኔ የክለብ ጓደኛው ነበር። ጎሏ የገባችበት አሜሪካዊ በረኛ ኮነር ሄለባክ የዊኒፔግ ነው።

በሌላው በኩልም እንደዚያው ነው። ለካናዳ ካገቡት ማኪነን ኮሎራዶ፣ ቤኔት ፍሎሪዳ ነው የሚጫወቱት። በረኛው ቢኒንግተን የሴንት ሉዊስ ነው። ይባስ ብሎ ቤኔት ሞንትሪያል ላይ በቡጢ የተያያዘው ከብሬዲ ትካቸክ ጋር ነበር፤ የብሬዲ ወንድም ማቲው ግን ለቤኔት የክለብ ጓደኛው ነው። ከአራት ወር በኋላ ሁለቱ በአንድ ማሊያ ለፍሎሪዳ የስታንሊ ዋንጫን አንስተዋል።

ለዚህ ነው ጩኸቱ የሰው ጥላቻ አልነበረም የምንለው። የኦታዋ ደጋፊ ቅዳሜ መዝሙሩን ጮኾበት፣ ወዲያው ለአሜሪካዊው አምበሉ ያጨበጭባል። የሚጮኸው “አገራችሁ አገር አይደለም” ባሉት ላይ ነው። እንጀራ በአንድ አገር፣ ማሊያ በሌላ አገር መሆኑን ከእኛ በላይ ማን ያውቀዋል? ውጭ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ጠዋት የሚኖርበትን አገር ግብር ከፍሎ ማታ ለአትሌቶቻችን ይጮኻል። ማንም ከዳተኛ አይለውም።

ቢሆንም ጩኸቱን ሁሉም አልወደደውም። ማቲው ትካቸክ እንዳልወደደው በግልጽ ተናግሯል። ክርክሩ ትክክለኛ ነው። መዝሙር የመንግሥት ብቻ አይደለም፤ የሞቱለት ሰዎችም የሰሙት ነው፤ አባቱ ወታደር የነበረ አሜሪካዊ ሕፃን ስታዲየም ውስጥ ተቀምጦ ይሰማው ይሆናል። በእኛ እምነት ሁለቱም እውነት ነው፦ የደጋፊው ቁጣ ምክንያት ነበረው፣ የሰማው ሰው መጎዳትም እውነተኛ ነው። ቁጣውን ከመዝሙሩ ወደ ጨዋታው ያዞረው ጎሉ ነው።

▪️ ከዚያስ ምን ተለወጠ?

እውነቱን እንናገር፤ ጎል ቀረጥ አያስቀርም። ማርች 4 ቀን፣ ከፍጻሜው ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ቀረጡ ተጀመረ። የፋብሪካው ሠራተኛ ጭንቀትም በዚያች ጎል አልጠፋም።

አንድ ነገር ግን ቀረ። በዚያው ሰሞን “ክርን ቀና!” የሚል የሆኪ አባባል የካናዳውያን መፈክር ሆነ። ጎርዲ ሃው የተባለው የድሮ ኮከብ ሊገፋው ለሚመጣ ሰው ክርኑን ቀና አድርጎ በመጠበቅ ይታወቅ ነበር። ማርች 1 ቀን ካናዳዊው ኮሜዲያን ማይክ ማየርስ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ክርኑን እያሳየ ቃሉን ሲናገር ነገሩ ተቀጣጠለ። በሰልፍ ላይ፣ በቲሸርት ላይ፣ በምርጫ ቅስቀሳ ላይ ታየ። የጨዋታ ቋንቋ የአገር ቋንቋ ሆነ።

በእኛ አገር በገና ዕለት ሎሌ ጌታውን በጨዋታ ቢመታ ጌታው አይቆጣም ይባላል። ለአንድ ቀን፣ በሜዳው ላይ፣ ትንሽና ትልቅ እኩል ነው። 41 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት ካናዳ፣ 340 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ካላት ጎረቤቷ ጋር በንግድ ጠረጴዛ ላይ እኩል አይደለችም። በረዶው ላይ ግን አምስት ለአምስት ናቸው። በዚያ ምሽት ያለቀሰው ደጋፊ ያለቀሰው ለዋንጫው ብቻ አይመስለንም፤ እኩል ለመሆን ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በስታዲየም ውስጥ የሌላ አገር መዝሙር ላይ መጮህ ተቃውሞ ነው ወይስ ነውር? በተለይ ካናዳና አሜሪካ ያላችሁ ቤተሰቦቻችን፣ በዚያ ሰሞን በሥራ ቦታችሁና በሰፈራችሁ የነበረውን ስሜት አካፍሉን።