ሞተሩ ለምን ሞተ? ከፍቶ ማየትና ማደስ

በቅሎ ስትደክም ምልክት ታሳያለች። ጆሮዋን ትጥላለች፤ ታልባለች፤ ዳገት ላይ ቆም ቆም ትላለች። ባለቤቷም አይቶ ያሳርፋታል። ሞተር ብስክሌትም ከመሞቱ በፊት ምልክት ያሳያል። ነገር ግን ምልክቱን አይቶ የሚረዳለት ሰው ጥቂት ነው።

በሉማሜ ዙሪያ ባሉት ቀበሌዎች ሞተር ብስክሌት የቅንጦት ዕቃ አይደለም። የግብርና ባለሙያው ወደ ገበሬው የሚደርስበት ነው። የጤና ሠራተኛው የክትባት መድኃኒት የሚያጓጉዝበት ነው። የሕፃናት ክትባት መርሐ ግብር በአገራችን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። መድኃኒቱ ቅዝቃዜው ሳይለቀው ካልደረሰ ይበላሻል። ታዲያ ሞተሩ መንገድ ላይ ቢቆም የሚጎዳው ነጂው ብቻ ነውን? አይደለም። ልጇን አዝላ ዛፍ ጥላ ሥር የምትጠብቀው እናትም ትጎዳለች።

ሞተር ብስክሌት ሁለት ዓይነት ነው፤ ባለ አራት ምትና ባለ ሁለት ምት። ዛሬ በብዛት የሚታዩት ባለ አራት ምት ናቸው። እንደ ያማሃ ዲቲ 125 ያሉት የቆዩ የገጠር ሞተሮች ግን ባለ ሁለት ምት ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ባለ ሁለት ምቱ ነው። ክፍሎቹ ጥቂት ስለሆኑ አስተዋይ ሰው የላይኛውን ክፍል ራሱ ፈትቶ ሊያድሰው ይችላል።

አሠራሩ እንዴት ነው?

ሙቀጫና ዘነዘናን አስቡ። ሙቀጫው ሲሊንደር ነው። ዘነዘናው ፒስቶን ነው። ፒስቶን በሲሊንደር ውስጥ ይወጣል፤ ይወርዳል። በዲቲ 125 ላይ የሲሊንደሩ ቀዳዳ ስፋት 56 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፒስቶኑ የሚመላለሰው 50 ሚሊ ሜትር ነው። ፒስቶኑ ሲወጣ ከላዩ ያለውን ቤንዚንና አየር ያምቃል። ካንዴላው እሳት ይተፋል። ቤንዚኑ ነዶ ፒስቶኑን ወደ ታች ይገፋዋል።

ከፒስቶኑ በታች ያለው ክፍል ደግሞ እንደ ቀጥቃጭ ወናፍ ነው። ፒስቶኑ ሲወጣ አዲስ አየርና ቤንዚን ይስባል፤ ሲወርድ ወደ ላይ ይነፋዋል። ሞተሩ በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲዞር እሳቱ በአንድ ሴኮንድ 100 ጊዜ ይነዳል ማለት ነው።

በፒስቶኑ ላይኛው ክፍል ዙሪያ ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች አሉ። መካኒኮች ፋሻ ይሏቸዋል። ሥራቸው የታመቀው አየር እንዳያመልጥ መዝጋት ነው። የሲሊንደሩ ክዳን ቴስታታ ይባላል። ፒስቶኑን የሚይዘው ዘንግ ቢየላ፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ቁራጭ ብረት ስፒኖቶ ይባላል። እነዚህ ስሞች ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የባለ ሁለት ምት ሞተር ፒስቶን ዘይት የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር አብሮ በሚገባው ብቻ ነው። በአንዳንዱ ሞተር ዘይቱ ከቤንዚን ጋር በእጅ ይቀላቀላል። በሌላው ለብቻው ጋን አለው፤ ትንሽ ፓምፕ እየለካ ይሰጠዋል። ዘይት ከቀረ ፒስቶኑ ይግልና ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል። ሞተር ሞተ የሚባለው ያን ጊዜ ነው።

ምልክቶቹ

የማስነሻው ፔዳል ሲረገጥ ከላላ እመቃው ቀንሷል። ዳገት ካቃተው፣ ለመነሳት ካስቸገረ፣ ከላይ በኩል ቀጭን የብረት ድምፅ ካሰማ ፋሻው ወይም ፒስቶኑ አልቋል ብሎ መጠርጠር ይገባል።

አፈታቱ

አንደኛ፤ ከመፍታት በፊት ሞተሩን በደንብ እጠቡ። የወልቃ ጭቃ የደረቀበትን ሞተር መክፈት ቁስልን በቆሸሸ እጅ እንደ መንካት ነው። እሳትና ሲጋራ አይጠጉ። ቤንዚን ከሩቅ ይያያዛል።

ሁለተኛ፤ የቤንዚኑን መዝጊያ ዝጉ። ጋኑን፣ ማርሚታውን፣ ካርቡራቶሩንና ካንዴላውን አውጡ። የወጣውን ሁሉ በንጹሕ ጨርቅ ላይ በአወጣጡ ተራ ደርድሩ። ሲገጠም የኋለኛው ፊተኛ ይሆናል።

ሦስተኛ፤ የቴስታታውን ዳዶዎች በማዕዘን እያቀያየራችሁ ትንሽ ትንሽ አላሉ። አንዱን ጨርሶ ፈትቶ ወደ ሌላው መሄድ ቴስታታውን ያጣምማል። ከዚያ ሲሊንደሩን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡ። ወዲያው ከታች ያለውን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ድፈኑ። አንዲት ትንሽ ሽቦ ወደ ውስጥ ብትወድቅ ሞተሩ በሙሉ መፈታቱ ነው።

አራተኛ፤ ስፒኖቶውን የሚይዙትን ሁለት የሽቦ ቀለበቶች አውጡ፤ ስፒኖቶውን ገፍታችሁ ፒስቶኑን አውጡ። በመዶሻ አትምቱ። ቢየላው ይጣመማል።

ፒስቶኑ ይናገራል

ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ይቸኩላል። አዲስ ፒስቶን ገዝቶ ይገጥምና ይነዳል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አዲሱም ይሞታል። ለምን? በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት ስለተሰጠ ነው። ስለዚህ አሮጌውን ፒስቶን ሳትጥሉ አገላብጣችሁ እዩት።

ጭረቱ በማርሚታው በኩል ከሆነ ፒስቶኑ ግሏል ማለት ነው። ምክንያቱ የዘይት ማነስ፣ በተቀደደ ጎማ ወይም በላላ ማሰሪያ የሚገባ ትርፍ አየር፣ ወይም በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል የደረቀ ጭቃ ሊሆን ይችላል። በካርቡራቶሩ በኩል ተፍቆ ደብዝዞ ከሆነ አቧራ ገብቷል፤ የአየር ማጣሪያውን መርምሩ። ጭረቱ ዙሪያውን በአራት ቦታ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ሳይሞቅ በኃይል ተነድቷል።

ሲሊንደሩንም በጥፍር ፈትሹ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ በቤት የሚጠገን አይደለም። ወደ ቶርኖ ቤት ተወስዶ ይሰፋል፤ ከዚያም በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር ከፍ ያለ ፒስቶን ይገጠምለታል። ልኩን ቶርኖው እንጂ ዓይን አይወስንም። ይህን ማወቅም ሙያ ነው።

አገጣጠሙ

በቴስታታውና በማርሚታው አፍ ላይ የተጋገረውን ጥላሸት በእንጨት ፋቁ። ብረት ይጭራል። አዲሱን ፋሻ ለብቻው ሲሊንደሩ ውስጥ ከትታችሁ የሁለቱን ጫፎች ክፍተት ለኩ፤ ልኩ በሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ላይ አለ።

ፒስቶኑ አናት ላይ ቀስት ተስሏል። ቀስቱ ወደ ማርሚታው ይዙር። በፋሻው ቦይ ውስጥ ትንሽ ችንካር አለች፤ የፋሻው ሁለት ጫፎች እሷን መሐል አድርገው ይግጠሙ። ይህ ካልሆነ ጫፉ በሲሊንደሩ መስኮት ተይዞ ይሰበራል። የስፒኖቶው የሽቦ ቀለበቶችና ጓርኒሲዮኖቹ አዲስ ይሁኑ። አሮጌ ቀለበት ከወለቀ ሲሊንደሩን ያርሰዋል።

ሁሉንም ዘይት ቀቡ። የታችኛውን ጓርኒሲዮን አኑሩ። የደፈናችሁበትን ጨርቅ ማውጣት አትርሱ፤ አደራ! ፋሻውን በጣት እየጨመቃችሁ ሲሊንደሩን አውርዱ። የቴስታታውን ዳዶዎች በማዕዘን፣ በሁለትና በሦስት ዙር አጥብቁ። የዘይት ፓምፕ ካለው ቱቦው ውስጥ አየር እንዳይቀር አስወጡ፤ አየር ከቀረ ዘይት አይደርስም።

ከታደሰ በኋላ

ሞተሩን አስነስታችሁ ጥቂት ካሞቃችሁ በኋላ አጥፉት፤ ይቀዝቅዝ። ይህን ደጋግሙ። ለመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትር ያህል በዝግታ ንዱ፤ ጭነት አታብዙ። አዲስ በሬ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ጥማድ አይውልም።

የእኛ አገር መንገድ አንድ የተለየ አደጋ አለው። ከሉማሜ በደጀን በኩል ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ነጂው ቤንዚን ለመቆጠብ ነዳጅ መስጫውን ዘግቶ በማርሽ ያዝ እያደረገ ይወርዳል። ሞተሩ በፍጥነት ይዞራል፤ ቤንዚን ግን አይገባም። ቤንዚን ካልገባ ዘይቱም ያንሳል። በዚያ ላይ በረሃው ይሞቃል፤ አየሩም ወፍራም ነው፤ ለደጋ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚያ ቤንዚን ያንሰዋል። ስለዚህ በቁልቁለት ላይ በየጊዜው ፍሪሲዮን ይዛችሁ ጥቂት ነዳጅ ስጡት። አንድ እፍታ ቤንዚን አንድ ፒስቶን ያድናል።

የአየር ማጣሪያውን በበጋ ቶሎ ቶሎ እጠቡ። ስፖንጅ ከሆነ አድርቃችሁ በዘይት አርሱት። በክረምት ጭቃውን ከማቀዝቀዣው ክንፎች አራግፉ።

እንግዲህ ፒስቶን መለወጥ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ፒስቶኑ ለምን እንደሞተ ማወቅ ግን ከሥራው ሁሉ ይበልጣል። ያወቀ ሰው ሁለተኛ አይከፍትም፤ ያላወቀ ግን ሲከፍት ይኖራል።

ጥያቄዎች

1. ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት የሚያገኘው በምን መንገድ ነው?
2. ጭረቱ በማርሚታው በኩል ቢሆን ምን ምን ነገሮችን ትመረምራላችሁ?
3. ሲሊንደሩን በቤት መጠገን የማይቻለው መቼ ነው?
4. ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ነጂ ሞተሩን እንዴት ይጠብቃል?