ማድ ቤት ሲታደስ ከእሳቱ ይጀመር

የአያት የቅድመ አያቶቹን የገጠር ቤት ለማደስ ገንዘብ የቋጠረ ሰው መጀመሪያ የሚታየው ቆርቆሮና ሲሚንቶ ነው። ሳሩ ወርዶ ቆርቆሮ ይመታል፣ ግድግዳው ይለሰናል፣ የሳንቃው በር በብረት ይተካል። ማድ ቤቱ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ባይረሳም ግድግዳው ቀለም ይቀባና ሦስቱ ጉልቻ እዚያው መሬት ላይ ይቀራል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። ያለው ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ለእሳቱ ይሁን።

ምክንያቱ እንጀራ ነው። አንድ የገጠር ቤተሰብ ከሚያነደው ማገዶ ግማሽ ያህሉ የሚያልቀው እንጀራ ሲጋገር ነው። ምጣዱ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሸክላ በመሆኑ ከዳር እስከ ዳር እኩል መጋል አለበት፤ አለዚያ እንጀራው መሃሉ አርሮ ጠርዙ ሊጥ ሊጥ ይላል። በጉልቻ ላይ ደግሞ ነበልባሉ በድንጋዮቹ መካከል እየሾለከ ይወጣል፤ ነፋስ ከገባማ ወደ አንድ ጎን ይጋደማል። ጋጋሪዋ ጭራሮውን፣ የባሕር ዛፍ ቅጠሉን፣ ኩበቱን በየአቅጣጫው እየማገደች እሳቱን ስታሳድድ ትውላለች። ጭሱ መጀመሪያ የሚያገኘው የእሷን ዓይንና ሳንባ፣ ቀጥሎም በጀርባዋ ያዘለችውን ሕፃን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ ሞተዋል።

ለዚህ ችግር በአገራችን የተሠራው መፍትሔ ምርጥ ምድጃ ይባላል። በአውሮፓውያኑ 1990ዎቹ መጀመሪያ በአገር ውስጥ የኃይል ጥናት ባለሙያዎች ተቀርጾ፣ በኋላ በጀርመን የልማት ትብብር ድጋፍ ወደየክልሉ ተሰራጨ። አሠራሩ ለማንም ግልጽ ነው። ሲሚንቶ ከቀይ አሸዋ ወይም ከሌላ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ድቃቂ ጋር ተቦክቶ በቆርቆሮ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይደለደላል። ከቅርጹ ሲወጣ ስድስት ቁራጭ ይሆናል፦ አራቱ ሲገጠሙ ምጣዱን የሚሸከም ክብ ግድግዳ ይሠራሉ፤ ሁለቱ ከኋላ የጭሱ መውጫና የድስት ማስቀመጫ ይሆናሉ።

ሥራውን የሚሠራው እንግዲህ ያ ክብ ግድግዳ ነው። ማገዶና አየር የሚገቡት ፊት ለፊት ባለች አንዲት ጠባብ አፍ ብቻ ስለሆነ ነበልባሉ መሄጃ አጥቶ የምጣዱን ሆድ ይልሳል። የእሳተ ገሞራው ድንጋይ በውስጡ አየር የቋጠረ ስለሆነ ሙቀቱ በግድግዳው በኩል ቶሎ አያመልጥም። ከምጣዱ ሥር ያለፈው ትኩስ ጭስ ደግሞ ወደ ኋላ ሲወጣ ድስት ያገኛል፤ እንጀራው እየተጋገረ ሽሮው ይንተከተካል ወይም ውሃ ይሞቃል። በጉልቻ ከሚፈጀው ማገዶ እስከ ግማሽ ያህሉን ይቆጥባል። ሲሚንቶ እንደ ልብ በማይገኝበት አካባቢ ከሸክላ የሚሠራው ጎንዝዬ የተባለው ምድጃም በዚያው መንገድ ያገለግላል።

አተካከሉ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። አዲስ የወጣው ቁራጭ ለቀናት ውሃ እየጠጣ ካልጠነከረና ከዚያም በደንብ ካልደረቀ፣ እሳት ሲነካው ይሰነጠቃል። ሸክላ ሠሪዎች የሚያወጡት ምጣድ ስፋቱ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ስለዚህ ምድጃው ከመገዛቱ በፊት የቤቱ ምጣድ ይለካ። ተገጥሞ ካለቀ በኋላም በምጣዱና በግድግዳው መካከል የቀረችው ክፍተት በጭቃ ትደፈን፤ ጣት የምታህል ቀዳዳ እንኳ ነበልባል ታወጣለች። ምድጃው መሬት ላይ ባይቀመጥ እመርጣለሁ። በድንጋይና በጭቃ መደብ ተሠርቶለት ከፍ ሲል፣ ጋጋሪዋ ሳታጎነብስ ቆማ ታሰፋለች፣ አክንባሎውንም ቀና ብላ ታነሳለች። የመደቡ ቁመት በግንበኛው ግምት ሳይሆን በእሷ ክርን ይለካ። ቡሃቃው በየት በኩል እንደሚቀመጥ፣ ሰፌዱ የት እንደሚሰቀል የምታውቀው እሷ ናትና ንድፉንም እሷ ታውጣው።

ምርጥ ምድጃ ጭስን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። የመጀመሪያው ንድፍ ጭስ ማውጫ ቱቦ የለውም፤ ጭሱ በድስቱ ዙሪያ አልፎ እዚያው ክፍል ውስጥ ይበተናል። ሰዎች ይህን ሳያውቁ መስኮት የሌለው ማድ ቤት ውስጥ ተክለውት «ምንም ለውጥ የለውም» ሲሉ ሰምቻለሁ። ከምድጃው በላይ ግድግዳው ጫፍ ላይ ሰፋ ያለ መተንፈሻ ይከፈት፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነም ከፍ ያለ ቱቦ ይውጣለት።

«ኤሌክትሪክ ሲገባ ይህ ሁሉ ይቀራል» የሚል አይጠፋም። በከተማ የምናውቀው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፤ አምፖል የሚያበራ ትንሽ የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ይህን አይችለውም፣ የገጠሩም መስመር ብዙ ጊዜ ይደክመዋል። ስለዚህ ማገዶው ገና አብሮን ይቆያል።

መተንፈሻው ከመከፈቱ በፊት ግን አንድ ነገር ይታሰብበት። በጎጃም ወይና ደጋ ለዘር የተመረጠ በቆሎ ከነልባሱ ተጠፍሮ ከምድጃው በላይ ወራጁ ላይ ይሰቀላል። ጭሱ ነቀዝን ያባርርለታል፤ የሳር ክዳኑንና የጣሪያውን እንጨትም ከተባይ ይጠብቃል። ጭሱ በመተንፈሻው ሲወጣ ይህ ጥበቃ አብሮ ይሄዳል። ዘሩ በደንብ ደርቆ፣ ሦስት ድርብ ሆኖ አየር በማያስገባው የእህል ማቆያ ከረጢት ቢታሰር ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል። ወራጁም ምስጥ እንዳይገባበት በየዓመቱ ከክረምት በፊት ይፈተሽ።