ያውቁ ኖሯል? ፅንስ የደም ግፊቱን ራሱ ያስተካክላል

የፅንስ የደም ግፊት የእናቱ ግፊት ግልባጭ አይደለም። የሁለቱ ደም አይቀላቀልም፤ በመጨረሻዎቹ ወራት የፅንሱ ግፊት የእናቱን ግማሽ ገደማ ነው፤ መቆጣጠሪያውም የራሱ ነው። ነርቭ ለቅጽበቱ ይደርሳል፣ ሆርሞን ደግሞ ቀስ ብሎ መጥቶ ይቆያል። በበግ ፅንሶች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ይህን የሥራ ክፍፍል በግልጽ አሳይተዋል። ኦክስጅን ሲያንስ በአንገት ደም ቅዳ አጠገብ ያሉ ሕዋሳት ምልክት ይልካሉ፤ የልብ ምት ወዲያው ይቀንሳል፣ የእግርና የቆዳ ደም ስሮች ይጠባሉ፣ ደሙም ወደ አንጎልና ወደ ልብ ያደላል። ከእነዚህ ሕዋሳት የሚነሳው ነርቭ አስቀድሞ ከተቆረጠ ፈጣኑ ምላሽ ይጠፋል። ዘግይቶ የሚመጣው የደም ስር መጥበብ ግን አይቀርም፤ አድሬናሊን፣ ቫሶፕሬሲንና አንጂዮቴንሲን ያመጡታልና።

በግ ሰው አይደለም የሚል ተቃውሞ ቢነሳ ተገቢ ነው። የሰውን ማስረጃ ግን፣ የሚያሳዝን ቢሆንም፣ ከመድኃኒት ጉዳት አግኝተነዋል። ነፍሰ ጡር ከአራተኛው ወር ወዲህ እንደ ኢናላፕሪል ያለ፣ አንጂዮቴንሲን እንዳይመረት የሚያግድ ኪኒን ከወሰደች መድኃኒቱ በእንግዴ ልጁ አልፎ የፅንሱን ግፊት ሊጥል፣ ኩላሊቱንም ሊያዳክም ይችላል። የእንሽርት ውሃ በዚያ ጊዜ በአብዛኛው የፅንሱ ሽንት ነውና ውሃውም ይመናመናል። «የእናትየው ግፊት ስለወረደ ነው» እንዳይባል፣ ሜቲልዶፓም የእሷን ግፊት ያወርዳል፤ ይህን ጉዳት ግን አያስከትልም። ሐኪሞች ግፊት ያለባት ሴት ስታረግዝ ኪኒኗን በሌላ የሚተኩላት (በራሷ ማቋረጥ የለባትም) በዚህ ምክንያት ነው።