«የት ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያለው ቀይ ሳጥን

ዛሬ ስለ አንድ ያረጀ ቀይ ሳጥን ላጫውታችሁ ነው። ሳጥኑ የሚገኘው በእኛ ከተማ አይደለም፤ ከባሕር ማዶ ነው። ወደ እሱ ከመሄዴ በፊት ግን ነገሩን እንድጠይቅ ያደረገኝን ገጠመኝ ላስቀድም።

ባለፈው በጋ፣ ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ ማእድ ቤት ውስጥ እሳት ተነሳ። ጊዜው ምሽት ነው፤ መብራትም ጠፍቷል። ከከሰል ምድጃው አጠገብ የተቀመጠ ማዳበሪያ ተያያዘና ነበልባሉ ወደ ጣሪያው ማገር ወጣ። አከራዬ እትዬ «ኡኡ! የሰው ያለህ!» ብለው ጮኹ። እኔ ደግሞ የተማርኩ ነኝ አይደል? ሞባይሌን አውጥቼ ለእሳት አደጋ ደወልኩ። እግዜር ይስጠው፣ ስልኩን የሚያነሳው ሰው ወዲያው አነሳው።

«እሳት! ቤት እየተቃጠለ ነው!» አልኩ።

«እሺ ወንድሜ፣ የት ነው?»

«ሽምብጥ።»

«ሽምብጥ የት ጋ?»

«ከአስፓልቱ ገባ ብሎ... ወፍጮ ቤቱን አለፍ ብሎ... ሰማያዊ በር ያለው ግቢ።»

«የትኛው ወፍጮ ቤት?»

እዚህ ላይ አፌ ተያዘ። በየቀኑ የምወጣበትና የምገባበት ሰፈር እኮ ነው! የቤት ቁጥሩን አላውቀውም። ቀይ መስመር ይሁን አረንጓዴ መስመር፣ መንገዱ ስም ይኑረው አይኑረው አላውቅም። እኔ በስልክ ስንተባተብ የእትዬን ጩኸት የሰሙ ጎረቤቶች በባልዲና በጀሪካን ውኃ፣ በአካፋ አፈር ይዘው ገብተው እሳቱን አጠፉት። በስልክ ያነጋገረኝ ሰው ምንም ጥፋት የለበትም። የጠየቀው ትክክለኛውን ጥያቄ ነው፤ መልስ ያጣሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ በአእምሮዬ ሲመላለስ ቆየ። ለመሆኑ ስልክ ከመፈጠሩ በፊት በትልልቅ ከተሞች የሚኖር ሰው እሳት ሲነሳበት ቦታውን እንዴት ያሳውቅ ነበር? መልሱን ስፈልግ ነው ሳጥኑን ያገኘሁት።

ሳጥኑ ምንድን ነው?

ነገሩ የተጀመረው በአሜሪካዋ የቦስተን ከተማ ነው። ዊልያም ቻኒንግ የሚባል ሕክምና የተማረ ሰው እ.ኤ.አ. በ1845 አንድ ሐሳብ በጋዜጣ ላይ አወጣ። የሞርስ ቴሌግራፍ በዋሽንግተንና በባልቲሞር መካከል መልእክት ካስተላለፈ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ቻኒንግ ከተማን እንደ ሰው አካል አየው። ጣትህ ሲቃጠል ሕመሙ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይሄዳል፤ አንጎልም የትኛው ጣት እንደተቃጠለ ወዲያው ያውቃል። ታዲያ ከተማም በሽቦ የተሠራ ነርቭ ለምን አይኖራትም? ሞዘስ ፋርመር ከተባለ የቴሌግራፍ ባለሙያ ጋር ሆኖ ሐሳቡን በተግባር ላይ አዋለው። ሚያዝያ 28 ቀን 1852 እ.ኤ.አ. 40 ያህል የመንገድ ላይ ሳጥኖች ያሉት የመጀመሪያው የእሳት አደጋ ቴሌግራፍ በቦስተን ሥራ ጀመረ።

አሠራሩን ላስረዳ። ሳጥኖቹ ከአንድ ማዕከላዊ ቢሮ ጋር በሽቦ የተያያዙ ናቸው። በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ጠርዙ ላይ ጥርስ የተቀረጸበት ክብ ብረት አለ። ብረቱ ሲዞር ጥርሶቹ የኤሌክትሪክ መስመሩን ይዘጉታል፣ ይከፍቱታል። በሁለት ሳጥኖች ላይ አንድ ዓይነት ጥርስ አይቀረጽም። ለምሳሌ የሳጥኑ ቁጥር 243 ቢሆን፣ ማዕከሉ ውስጥ ያለው ደወል ሁለት ጊዜ ይመታና ፋታ ይወስዳል፤ አራት ጊዜ ይመታል፤ እንደገና ፋታ ወስዶ ሦስት ጊዜ ይመታል። ሠራተኛው መዝገቡን ሲያይ 243 ቁጥር የትኛው መንገድ ጥግ ላይ እንደተተከለ ያገኛል። በቃ! እሳት ያየው ሰው አንዲት ቃል መናገር አይጠበቅበትም። «የት ነው?» ለሚለው ጥያቄ ሳጥኑ አስቀድሞ መልሱን በሆዱ ይዟል።

የሚያስቀው ነገር፣ የመጀመሪያዎቹ ሳጥኖች እንደ ወፍጮ በእጅ የሚዞሩ ነበሩ። ሥራው በተጀመረ ማግስት እሳት ተነሳና አንድ ሰው ሮጦ ሳጥኑን አዞረ። እንደሚተረከው ከመደንገጡ የተነሳ እጅግ አፍጥኖ ስላዞረው የማዕከሉ ሠራተኛ ምቱን ማንበብ አልቻለም። ሰውየው በመጨረሻ እስከ ቢሮው ድረስ በእግሩ ሄዶ ነገረ ይባላል። ይህን ሳነብ የራሴን መንተባተብ አስታውሼ ተጽናናሁ። ለካ በድንጋጤ መልእክት ማበላሸት የቆየ ነገር ነው! ከዚህ በኋላ በመጡት ሳጥኖች ውስጥ እንደ ሰዓት የሚሞላ ሞላ ተገጠመ። ሰው እጀታውን ወደ ታች ይስባል፤ የቀረውን ማሽኑ በራሱ ፍጥነት ደጋግሞ ይመታዋል። ሰው ይደነግጣል፣ ሞላ ግን አይደነግጥም።

ዝም ያለ ሽቦና የተቆለፈ በር

ከሁሉም በላይ እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው። በእነዚህ ሽቦዎች ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ሌትና ቀን ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ስለዚህ ሽቦው የሆነ ቦታ ላይ ቢበጠስ ማዕከሉ ወዲያው ያውቃል፤ ጠጋኝ ይልካል። በኋላ የተሠሩት ደግሞ ሽቦው ቢበጠስም ምልክታቸውን በመሬት በኩል መላክ ይችላሉ። የእኛን ሞባይል አስቡት። ኔትወርክ መጥፋቱን የምናውቀው መቼ ነው? ልንደውል ስንሞክር አይደለም እንዴ? ችግሩን የምናውቀው በጭንቁ ሰዓት ነው። የቴሌግራፉ ሳጥን ግን እሳት ሳይነሳ በፊት «ታምሜአለሁ» ይላል።

ይህ ማለት ሥርዓቱ እንከን የለውም ማለት አይደለም። በቦስተን ሳጥኖቹ ላይ ሰው እየቀለደ በሐሰት እንዳይደውል ተብሎ በቁልፍ ይዘጉ ነበር፤ ቁልፉም በአቅራቢያው በሚኖር የታመነ ሰው ወይም በፖሊስ እጅ ይቀመጥ ነበር። ኅዳር 9 ቀን 1872 እ.ኤ.አ. ምሽት በከተማይቱ የንግድ ሰፈር ትልቅ እሳት ተነሳ። ቁጥር 52 ከሚባለው ሳጥን ጥሪው እስኪተላለፍ ድረስ ነበልባሉ ተስፋፍቶ ነበር። በዚያ ላይ የእሳት አደጋ ጋሪዎችን የሚጎትቱት ፈረሶች በወረርሽኝ ታመው ስለነበር ሰዎች ራሳቸው እየጎተቱ ሄዱ። በመጨረሻ 776 ሕንፃዎች ወደሙ፤ 26 ሄክታር ገደማ የሆነ ሰፈር አመድ ሆነ። መልእክት የሚያደርስ ሳጥን ቢኖርም ቁልፉን ፍለጋ የሚኬድ ከሆነ ምን ዋጋ አለው?

የሐሰት ጥሪ ጉዳይም ቀላል አልነበረም። ቁልፉ ከተነሳ በኋላ ልጆች ለጨዋታ እየሳቡ መኪናዎቹን ያለ ሥራ ያስሮጡ ነበር። ስልክ በየቤቱ ሲገባ ደግሞ ብዙ ከተሞች ሳጥኖቹን ነቅለው ጣሉ።

ታዲያ ለምን ዛሬም አሉ?

ቦስተን ግን አልነቀለችም። ዛሬም ከአንድ ሺህ በላይ ሳጥኖች በመንገዶቿ ላይ ይገኛሉ። ሳን ፍራንሲስኮም እንዲሁ ጠብቃቸዋለች። ኒው ዮርክ ልታነሳቸው በፈለገች ጊዜ መስማት የተሳናቸው ነዋሪዎች ከሰሷት። «እኛ በስልክ መናገር አንችልም፤ ሳጥኑን ግን መሳብ እንችላለን» የሚል ነበር የክርክራቸው ፍሬ ነገር። እ.ኤ.አ. በ1996 ፍርድ ቤት ለእነሱ ፈረደ።

ሰኔ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ቦስተን የምትገኝበት የማሳቹሴትስ ግዛት የ911 የአደጋ ጊዜ ስልክ ለሁለት ሰዓት ገደማ ተቋረጠ። ምክንያቱ ሲጣራ ሥርዓቱን ከጥቃት እንዲጠብቅ የተገጠመው ፋየርዎል ራሱ ጥሪዎችን አግዶ መገኘቱ ታወቀ። ስሙ የእሳት ግድግዳ ነው፤ የእሳት ጥሪ አላሳልፍ አለ! በዚያች ሰዓት የቦስተን ባለሥልጣናት ነዋሪውን ምን ቢሉት ጥሩ ነው? በአቅራቢያችሁ ያለውን ቀይ ሳጥን ሳቡ አሉት። ከ170 ዓመት በላይ የሆነው አሠራር ለዘመናዊው ደራሽ ሆነ።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሳጥን በየመንገዱ ተተክሎ አላየሁም። ነገር ግን ሽቦውም ሆነ በምት መናገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክና የቴሌግራፍ ሽቦ ተዘርግቷል። «ስልክ» የሚለው ቃል እንኳ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ሽቦ ማለት ነው።

ከሽቦው በፊት ደግሞ ደወል አለን። ወደ ጣና ገዳማት የሄደ ሰው በገመድ የተንጠለጠሉ የድንጋይ ደወሎችን አይቶ ይሆናል። ሲመቱ እንደ ብረት ይጮኻሉ። ደወል በሰዓቱ ሲደወል ለጸሎት ነው፤ ያለ ሰዓቱ ሲደወል ግን ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይሮጣል። በከተማ የዕድር ጥሩምባ ሲነፋ ሰው ማረፉን እናውቃለን። ኡኡታ ደግሞ ትርጉም አያስፈልገውም። እነዚህ ሁሉ በድምፅ የተሠሩ ምልክቶች ናቸው። የሚሠሩትም ሰሚው ቦታውን ስለሚያውቅ ነው። የእትዬን ጩኸት የሰማ ጎረቤት «የትኛው ወፍጮ ቤት?» ብሎ አልጠየቀም።

ችግሩ ድምፁ ከሚደርስበት ቦታ ውጪ ነው። ባሕር ዳር ትናንት የነበረችው ትንሽ ከተማ አይደለችም፤ ከዓባይ ማዶ እስከ ሽምብጥ፣ ከዚያም አልፋ ተዘርግታለች። አቅጣጫ የምንነጋገረው ግን አሁንም «ከጊዮርጊስ ከፍ ብሎ»፣ «ከድብ አንበሳ ሆቴል ወረድ ብሎ» እያልን ነው። ለባጃጅ ሹፌር ይህ ይበቃል፤ ባይገባው እንኳ «ወራጅ» እስክንል ይሄዳል። ለእሳት አደጋ መኪና ግን እያንዳንዷ ደቂቃ ጣሪያ ናት። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ የተነሳውን እሳት ሁላችንም እናስታውሳለን። የአዲስ አበባ ነዋሪ 939 ብሎ መደወል ይችላል፤ ቁጥሩ ግን ጥሪውን እንጂ ቦታውን አይናገርም። እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉት የጣና ደሴት ገዳማት ደግሞ መኪና የሚደርስባቸው አይደሉም፤ የብራና መጻሕፍታቸውን የሚያድነው ቶሎ የሰማ ሰውና ቶሎ የደረሰ ጀልባ ብቻ ነው።

ኔትወርክም ቢሆን ሁልጊዜ የሚታመን አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የማያስታውስ የለም። ስለዚህ «ካርታው በስልኬ አለ» ማለት ብቻውን አያዋጣም።

ምን ይደረግ?

ቀይ ሳጥን ከቦስተን ይምጣልን እያልኩ አይደለም። ሽቦውና ጥገናው ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። ከሳጥኑ የምንወስደው ሐሳቡን ነው፤ እሱም ቦታው በድንጋጤ ጊዜ በሰው አፍ ሳይሆን አስቀድሞ በቁጥር ይታወቅ የሚል ነው። በየሰፈሩ የመብራት ምሰሶ ሞልቷል። በእያንዳንዱ ምሰሶ ላይ ከሩቅ የሚነበብ ቁጥር በቀለም ቢጻፍና ዝርዝሩ በእሳት አደጋ ቢሮ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል፣ እኔ ያን ምሽት «ምሰሶ 243» ብዬ ስልኩን በዘጋሁ ነበር። ማንበብ የሚችል የአሥር ዓመት ልጅም ይህን ማለት ይችላል። መናገር የማይችል ሰው ደግሞ በጽሑፍ መልእክት መላክ ይችላል።

ይህ እስኪሆን ድረስ በእጃችን ያለውን እንሥራ። የቤት ቁጥራችሁን፣ ቀበሌያችሁን፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ቅርብ ቦታና ከዚያ ወደ እናንተ የሚያስገባውን መንገድ በወረቀት ጽፋችሁ በበሩ ጀርባ ለጥፉ። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶቻችን እኮ ወደው አይደለም።

እኔ ለጥፌአለሁ። እትዬ ወረቀቱን አይተው «ምንድን ነው ይሄ?» አሉኝ። አነበብኩላቸው። ጥቂት አሰቡና «ጥሩ ነው ልጄ፤ ለሩቁ አንተ ደውል፣ ለቅርቡ እኔ እጮኻለሁ» አሉኝ። ቦስተኖች ሞባይሉንም ሳጥኑንም የያዙት በዚሁ ምክንያት ነው።

ቸር ይግጠመን!