«በቀን ነው በቁርጥ?» ትንሽ ኩባንያ ንዑስ ተቋራጭ ሲይዝ ምን ይፈጠራል?

ሕንፃ የሚሠራበት ሳይት በር ላይ ጠዋት ብትቆሙ አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ትሰማላችሁ፦ «በቀን ነው በቁርጥ?» በቀን ከሆነ ዋላችሁ፣ ተከፈላችሁ። በቁርጥ ከሆነ ዋጋው የተቆረጠው ለሥራው ነው፤ በሁለት ቀን ጨረሳችሁት በአምስት የምታገኙት ያው ነው። ጥያቄው የገንዘብ ብቻ ይመስላል። ውስጡ ግን ሌላ ጥያቄ አለ፦ ሥራው ቢበላሽ ወይም ቢዘገይ ኪሳራው የማን ነው?

አሁን ራሳችሁን በሌላኛው ወገን አስቀምጡ። ተመርቃችኋል፣ ትንሽ ኩባንያ አቋቁማችኋል። በ1952ቱ የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ስለነበር፣ ብዙዎች ወንድማቸውን ወይም ሚስታቸውን ለስም ያህል ያስገቡ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 1243፣ አንድ ሰው ብቻውን እንዲያቋቁም ፈቀደ። እንግዲህ ኩባንያችሁ የአንድ ሕንፃ የኤሌክትሪክና የፀሐይ ኃይል ሥራ በ600,000 ብር ወሰደ እንበል። ሽቦ የሚዘረጋ፣ ግድግዳ የሚፈለፍል፣ የፓኔሉን ማስቀመጫ የሚበይድ ሰው ትፈልጋላችሁ። ሁሉንም በቋሚነት መቅጠር አትችሉም። ስለዚህ ሰብ ትይዛላችሁ፤ በወረቀት ቋንቋ ንዑስ ተቋራጭ።

መጀመሪያ ግን «ኃላፊነቱ የተወሰነ» የሚለው ነገር ምን ይሠራል? እኔ የማስበው እንደ ፊውዝ ነው። ከመጠን ያለፈ ጅረት ሲመጣ ፊውዙ ይቃጠላል፣ ቤቱ ይተርፋል። ኩባንያው በሕግ ዓይን ከእናንተ የተለየ ሰው ስለሆነ፣ ዕዳው የእሱ እንጂ የእናንተ አይደለም። በዚህ ጉዳይ ላይ የሕግ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው አንድ የለንደን ጫማ ሠሪ አለ፤ አሮን ሰሎሞን። በ1892 (እ.ኤ.አ.) ሱቁን ወደ ኩባንያ ለወጠው። ከ20,007 አክሲዮኖች 20,001ዱ የራሱ፣ ቀሪዎቹ ስድስቱ የሚስቱና የአምስት ልጆቹ ነበሩ። ኩባንያው ሲከስር «ኩባንያው አንተው ራስህ ነህ፣ ክፈል» ተብሎ ተከሰሰ። የሥር ፍርድ ቤቶች ፈረዱበት። የመጨረሻው ችሎት ግን ኩባንያው ሌላ ሰው ነው ብሎ ነጻ አወጣው።

ፊውዝ ሲቃጠል በቦታው ሽቦ የሚጠመጥም ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? በኩባንያም ይኸው ይደረጋል። ባንክ ብድር ሲሰጥ የግል ዋስትና ያስፈርማችኋል፤ በቃ፣ በዚያ ብድር በኩል ፊውዙ ታልፏል። የኩባንያውን ገንዘብ ከግል ኪሳችሁ ጋር ስታደባልቁም እንደዚያው ነው። ነገ ክርክር ቢነሳ «ይሄ የእኔ፣ ያ የኩባንያው» ብሎ ማሳመን ይከብዳል።

ወደ ሰባችን እንመለስ። የዋህ ስሌት እንዲህ ይላል፦ «በቁርጥ ይዤዋለሁ፣ ስለዚህ ሠራተኛዬ አይደለም፣ ስለዚህ አደጋ ቢደርስበት አያገባኝም።» የመጀመሪያው «ስለዚህ» ስህተት ነው፤ ከቁርጥ አከፋፈሉ አይከተልም! በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ (ቁጥር 1156) የሥራ ውል የሚለው አንድ ሰው በአሠሪው መሪነት፣ ለተወሰነ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ፣ ወይም ለተወሰነ ሥራ፣ ደመወዝ እየተከፈለው ሲሠራ ነው። አያችሁት? ለተወሰነ ሥራ የተያዘ ሰውም ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ከአዋጁ ውጪ የሚሆነው በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት የሚሠራው ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው የአከፋፈሉ ስም ሳይሆን ማን ማንን ይመራል የሚለው ነው።

እንዴት ይለያል? እንደ መለኪያ የማነባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ፒንሳውና ትራፓኖው የማን ነው? ስንት ሰዓት እንደሚገባ የሚወስነው ማን ነው? ዛሬ ካልተመቸው ሌላ ሙያተኛ በቦታው መላክ ይችላል? የዘረጋው መስመር ፍተሻ ላይ ቢወድቅ በማን ወጪ ይደገማል? የራሱን ረዳቶች ይዞ የሚመጣ፣ ሌላ ሳይትም የሚሠራ፣ ስህተቱን በራሱ ወጪ የሚያርም ሰው የምር ንዑስ ተቋራጭ ነው። በእናንተ ትራፓኖ፣ በእናንተ ፎርማን ትእዛዝ፣ ከሁለት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የሚሠራው ግን ወረቀቱ ላይ ምንም ይጻፍ ምን ሠራተኛ ይመስላል።

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። አንድ ሰው ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ወድቆ ወገቡን ተጎዳ እንበል። ሠራተኛችሁ ከሆነ፣ ሥራ ላይ ለደረሰበት ጉዳት ኩባንያችሁ ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው፤ አዋጁ በግልጽ ይላል። የንዑስ ተቋራጩ ረዳት ከሆነ አሠሪው ንዑስ ተቋራጩ ነው። እሱ ግን ለሕክምና የሚሆን ገንዘብ ከሌለውስ? ሕጋዊ መልሱና ሆስፒታል በር ላይ የቆመው ቤተሰብ የሚጠይቀው ነገር አንድ አይደሉም። ስለዚህ ሰው ወደ ላይ ከመውጣቱ በፊት መድን ማን እንደሚገባ፣ የደህንነት ቀበቶ ማን እንደሚያቀርብ መነጋገር ግድ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አምስት ንዑስ ተቋራጮች አላችሁ፤ እያንዳንዱ በሰዓቱ የመጨረስ ዕድሉ 90 በመቶ ነው። ጎበዞች ናቸው! ሁሉም በሰዓቱ የመጨረሳቸው ዕድል ግን 0.9 አምስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ነው፤ 0.59 ገደማ። ማለትም በአሥር ሥራ ውስጥ አራቱ ሊዘገይ ይችላል። (ስሌቱ አንዱ ሌላውን አይነካም ብሎ ይነሳል። እውነተኛ ሳይት ላይ ዝናቡም የመብራት መጥፋቱም ሁሉንም በአንድ ቀን ነው የሚመታው።) ደንበኛው ደግሞ ውል ያለው ከእናንተ ጋር ነው። «በያጁ ነው ያዘገየኝ» ብትሉት «በያጁን አላውቀውም» ይላችኋል፤ ልክም ነው።

ገንዘቡ ደግሞ የራሱ ሰዓት አለው። ዕቃ 200,000 ብር፣ የጉልበት ዋጋ በሳምንት 25,000 ብር፣ ሥራው አራት ሳምንት ይፈጃል እንበል። ጠቅላላ ወጪ 300,000። ቅድመ ክፍያ 20 በመቶ ተቀብላችኋል፤ 120,000። ደንበኛው ቀሪውን የሚከፍለው ሥራው ተፈትሾ ከወር በኋላ ነው። እስከዚያ 180,000 ብር ከየት ይመጣል? ወረቀት ላይ አትራፊ የሆነ ኩባንያ ቅዳሜ ከሰዓት የሚከፍለው የሚያጣው እንዲህ ነው። ብዙዎች የሚሸሹበት መንገድ «ደንበኛው ሲከፍለኝ እከፍልሃለሁ» የሚል ውል ነው። እኔ አልወደውም። ጉድጓዱን አይደፍነውም፤ ረዳቶቹን ቅዳሜ መክፈል ወዳለበት፣ ባንክም ወደማያበድረው ሰው ነው የሚያሻግረው። እሱ ሥራውን ጥሎ ከሄደ ደግሞ 0.59 ያልነው ቁጥር ይበልጥ ይወርዳል። ሥራውን ከፋፍሎ፣ አንድ ፎቅ ሲያልቅ የዚያን ፎቅ መክፈል ይሻላል።

ግብሩን በአጭሩ፦ ለአገልግሎት ስትከፍሉ፣ ክፍያው ሕጉ ከወሰነው መጠን ካለፈ፣ ኩባንያው ቅድመ ግብር ቀንሶ ለግብር ሰብሳቢው ማስገባት አለበት። ቲን ለሌለው ሰው የሚቀነሰው እጅግ ይበዛል፤ ስለዚህ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ቲን እንዳለው ጠይቁ።

ውሉ ረጅም መሆን የለበትም። የሚሠራው ሥራ በቁጥር (ስንት ነጥብ መብራት፣ ስንት ሜትር ሽቦ)፣ ዋጋው፣ ዕቃ አቅራቢው፣ ክፍያው በየትኛው ደረጃ እንደሚፈጸም፣ ፍተሻ ላይ የወደቀውን ማን እንደሚደግም፣ መድኑ። ከክፍያው ትንሽ ለመያዣ የምታስቀሩ ከሆነ የሚለቀቅበትን ቀን ቁርጥ አድርጋችሁ ጻፉ። ፓኔሉ የሚታሰረው ቆርቆሮ በስቶ ከሆነ ደግሞ ቀኑን ከመስከረም በኋላ አድርጉት፤ የበሳችሁት ቀዳዳ ማፍሰስ አለማፍሰሱ የሚታወቀው ክረምቱ ሲያልፍ ነው።