ጓያ የሚሰብረው በእንፋሎቱ ነው?

ጓያ በሚዘራበት የዋልካ መሬት ሁሉ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ማስጠንቀቂያ አለ። ላብ በላብ ሆነህ ማሳው ውስጥ አትግባ፤ ገለባው ላይ አትተኛ፤ ሲቀቀል እንፋሎቱ እንዳያገኝህ። ምክሩ ከአሳቢ ልብ የመጣ ነው፤ ግን ሰውን ከማይጎዳው ነገር እያስጠነቀቀ የሚጎዳውን ሳይነካ ያልፋል።

የሚጎዳው መብላቱ ነው። ጓያ ፍሬ ውስጥ ኦዳፕ የሚባል አሚኖ አሲድ አለ፤ የህንድ ተመራማሪዎች በ1964 እ.ኤ.አ. ለይተው አውጥተውታል። ንጥረ ነገሩ ስለማይተን ከድስት በእንፋሎት አይወጣም። ብዙ ሲበላ ግን ከአንጎል ተነሥተው በአከርካሪ በኩል እግርን የሚያዙትን ነርቮች ይጎዳል። ታማሚው አእምሮውና አንደበቱ ደህና ሆነው ሳለ እግሩ ይገተራል፤ በጣቶቹ እየረገጠ፣ ጉልበቶቹን እያጣመረ ይሄዳል፤ ሲብስም ሁለት ምርኩዝ ይይዛል ወይም ይድሃል። በሽታው ተላላፊ አይደለም፤ እርግማንም አይደለም።

እንፋሎቱ ቢሆን ኖሮ ቀድመው የሚሰበሩት ምድጃ ሥር የሚውሉት እናቶችና እህቶች በሆኑ ነበር። በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች የሚያሳዩት ግን በብዛት የሚያዙት ወጣት ወንዶች መሆናቸውን ነው። ታዲያ እምነቱ ከየት መጣ? ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ከከባድ ሥራ ወይም ከረጅም ጉዞ በኋላ ነው። ወራት ሙሉ ጓያ ሲበላ የከረመ ገበሬ አንድ ቀን ማሳ ላይ ላብ አጥምቆት ሳለ ባቱ ይጨመደድበታል፤ እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። ያን ጊዜ የሚጠረጠረው የቆመበት ማሳ እንጂ የከረመበት ቂጣ አይደለም፤ ማንም ሰው ቢሆን እንዲሁ ይገምታል።

ጥርጣሬ ላለበት የቫፕኒያርካ ታሪክ በቂ ይመስለኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ዛሬ ዩክሬን በሆነው ቦታ በነበረው የቫፕኒያርካ እስር ካምፕ የታሰሩ አይሁዶች ጓያ አርሰው፣ ጓያ አጭደው አልነበረም የታመሙት። በየቀኑ የሚሰጣቸው ምግብ እርሱ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩት እግራቸው ተያዘ። ምክንያቱን የደረሰበትም ከእስረኞቹ አንዱ የሆነው ሐኪም አርተር ኬስለር ነው።

«በደንብ ከበሰለ ምንም አያደርግም» የሚባለውም ሙሉ እውነት አይደለም። ቆሎው፣ ንፍሮውና እሸቱ ለአደጋ እንደሚያጋልጡ የኢትዮጵያ ጥናቶች አሳይተዋል። መርዙ ውኃ ውስጥ ስለሚሟሟ በብዙ ውኃ ዘፍዝፎ፣ ውኃውን ደፍቶ፣ ቀቅሎም የተቀቀለበትን መድፋት ብዙውን ይቀንሳል። ያንኑ ውኃ ወጥ ውስጥ መጨመር ግን የወጣውን መርዝ መልሶ መብላት ነው። ሊጡን ማቡካትም ይረዳል።

እንዲህ ከሆነ ጓያ ይከለከል? አይመስለኝም። ዝናብ ሲጠፋ ወይም ውኃ ሲተኛበት ሌላው እህል ከድቶ ጓያ ይቆማል፤ ከሩብ የማያንሰው ክፍሉም ፕሮቲን ነው። ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅሎ በመጠኑ ሲበላ አይሰብርም። የሚሰብረው ሌላ ጠፍቶ ለሁለት ለሦስት ወር ዋና ምግብ ሲሆን ነው። በ1976 እና 77 እ.ኤ.አ. በደንቢያና በፎገራ፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ በወሎ ደላንታ ዳውንት የደረሰው ይኸው ነው።

መርዙ ያነሰ ዝርያ ተገኝቷል፤ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል «ዋሴ»ን አውጥቷል። ሆኖም ንብ ከጎረቤት ማሳ የአበባ ዱቄት አምጥታ ታዳቅለዋለች፤ ድርቅም የመርዙን መጠን ከፍ ያደርጋል። ማለትም በከፋው ዓመት ዘሩ ብቻውን አይታመንም። የተጎዳ ነርቭ ደግሞ ጓያ መብላት ስለቆመ አይመለስም፤ መባባሱ ይቆም እንደሆነ እንጂ። ስለዚህ የእርዳታ ስንዴ መድረስ ያለበት ምርኩዝ የያዙ ወጣቶች ከተቆጠሩ በኋላ ሳይሆን ገበያው ላይ የቀረው ጓያ ብቻ መሆኑ በታየበት በዚያው ወር ነው።