የማላጋሲ የቅርብ ዘመዶች

ማዳጋስካር ከሞዛምቢክ የምትርቀው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሕዝቧ የሚናገረው ማላጋሲ ግን ከጎረቤቶቹ የባንቱ ቋንቋዎች ጋር አይዛመድም። የሥጋ ዘመዶቹ ያሉት ህንድ ውቅያኖስን አቋርጦ ወደ 7,000 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በቦርኒዮ ደሴት ደቡብ ምሥራቅ በባሪቶ ወንዝ አካባቢ ነው። ማአንያን፣ ዱሱን ዊቱና ፓኩ ይባላሉ፤ ከ20 ሚሊዮን በላይ ተናጋሪ ካለው ማላጋሲ አጠገብ ሲቆሙ እጅግ ትንንሽ ናቸው።

ማላጋሲ ከማሌይ ጋር መመሳሰሉ አዲስ ነገር አይደለም። ሆላንዳዊው ፍሬዴሪክ ዴ ሃውትማን በ1603 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ የሁለቱን ቋንቋዎች ቃላት አብሮ አስፍሯል። ይሁንና ከታይዋን እስከ ሃዋይ የተዘረጋው የኦስትሮኔዥያ ቤተሰብ አባላት ከጥንት አያታቸው የወረሱት ብዙ የጋራ ቃል አላቸው። ስለዚህ ቅርበት የሚታወቀው በጋራ በወረሱት ሳይሆን በጋራ በለወጡት ነው።

አምስት ቁጥርን እንውሰድ። በማሌይ «ሊማ» ይባላል፤ በሃዋይም ሥሩ ያው ነው። ማላጋሲ ግን «ዲሚ»፣ ማአንያን «ዲሜ» ይላል፤ ሁለቱም ዘንድ «ል» ወደ «ድ» ተለውጧል። አንድ ቃል ብቻውን ምስክር አይሆንምና፣ ማዳጋስካር ውስጥ ያገለገለው ኖርዌያዊው ሚስዮናዊ ኦቶ ክርስቲያን ዳል በ1951 ሁለቱን ቋንቋዎች በሰፊው አነጻጽሮ ዝምድናቸውን አስረዳ። አልፍሬድ ሃድሰንም በ1967 የባሪቶን ቋንቋዎች ሲመድብ ማላጋሲን ከደቡብ ምሥራቁ ቡድን አስገባው።

የቃላት ቅደም ተከተል ግን እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም፤ ማላጋሲ ግሡን ያስቀድማል፣ ማአንያን ባለቤቱን። የተዋሰው ቃልም እንዲሁ ያሳስታል። ማላጋሲ ከብትን «ኡምቢ» የሚለው ከባንቱ ወስዶ ነው። የባሕር ጉዞ ቃላቱ ደግሞ በአብዛኛው ከማሌይ የመጡ ናቸው፤ የማአንያን ሕዝብ ከባሕር ርቆ የሚኖር ገበሬ መሆኑን ለሚያውቅ ይህ አይገርምም። ከሁሉ የሚያስደስተኝ የአቅጣጫ ስሞቹ ነገር ነው፦ ማሌይ ምዕራብን «ባራት» ሲል፣ የማላጋሲው «አቫራትራ» ሰሜን ሆኗል። መርከበኞች አቅጣጫን በነፋስ ስለሚጠሩ፣ ነፋሱ ሲዞር ስሙም አብሮት ዞረ።

ዛሬ ክርክሩ በባሪቶ ቡድን ወሰን ላይ ነው። ሮበርት ብላስት የባሕር ላይ ኗሪዎቹን የሳማ-ባጃው ቋንቋዎች ወደ ባሪቶ ሊያስጠጋ ሞክሯል፤ ባሪቶ አንድ ቅርንጫፍ ሳይሆን የተያያዘ ሰንሰለት ነው የሚሉም አሉ። የማላጋሲ ቦታ ግን ከማአንያን ጎን ጸንቶ ቆይቷል።